ስምንት እጅ የፈተለው ነጠላ

የኑርጃንን ፈትል ሸማኔዎች በዳበሳ ያውቁታል። አሥር ሴቶች ልቃቂታቸውን አንድ ቅርጫት ውስጥ ቢደባልቁት፣ ሸህ ሷሊህ ዓይናቸውን ጨፍነው የእሷን መርጠው ያወጣሉ ይባላል። ሸህ ሷሊህ ራሳቸው ይህን ሲሰሙ፣ «መጨፈን ለምን ያስፈልገኛል? ድሮስ መች ያይና!» ብለው ይስቃሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ነገር ግን ከተዘረጋ ድር ላይ አንዲት ክር ብትላላ ከማንም ቀድመው ያያሉ።

ኑርጃን የምትኖረው ከመካነ ሰላም ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ወጣ ብሎ፣ ገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠች መንደር ነው። ከአፋፉ ሥር ቆላው ይጀምራል፤ ጥጡም የሚመጣው ከዚያው ነው። እንዝርት የያዘችው በዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የመጀመሪያዋን ልቃቂት እናቷ አገላብጣ አይታ «ይኼ ለበሬ ማሰሪያ ይሆናል» አለቻት። በአሥራ አራት ዓመቷ ግን የአካባቢው ሸማኔ ሁሉ እየላከ የሚያስፈትላት እሷን ሆነ።

ያገባችው ጠልሐን ነው። ጠልሐ ገበሬ ነው፤ ከእርሻው በሚተርፈው ጊዜ ለመንደሩ ልጆች ቁርአን ያስቀራል። አራት ልጆች ወለዱ። አንዱ በሕፃንነቱ ሞተ፣ ሁለቱ ደሴ ናቸው፣ አንዷ ከላላ ወረዳ ተድራለች። የሁሉንም ጋቢና ነጠላ፣ የሟቹን ከፈን ሳይቀር፣ የፈተለችው እሷ ናት።

ከዚያ ፈትል የሚገዛ ጠፋ። የፋብሪካ ክር በየሱቁ ተደረደረ፤ ሸማኔውም ለመደው። ኑርጃን ግን እጇ ሥራ ሲፈታ ስለሚጨንቃት መፍተሏን አልተወችም። ልቃቂቱ በእንቅብ እየተከመረ ሲሄድ ጠልሐ፣ «ይኼን ሁሉ ምን ልታደርጊው ነው? ሰማይ ልትወጪበት?» እያለ ያሾፍባት ነበር። እሷም ትስቃለች። ብቻዋን ስትሆን ግን ልቃቂቱን እያነሳች ታገላብጣለች። አንድ ሰው አርባ ዓመት ሙሉ የተካነበት ነገር ለማንም እንደማይፈለግ ሲያውቅ የሚሰማውን፣ ለሌላ ሰው ማስረዳት ይከብዳል።

ሀይማኖት የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ሀይማኖት የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። እዚያው አዲስ አበባ ልብስ የምታሰፋበት ትንሽ ቤት አላት። በእጅ ካልተፈተለና በእጅ ካልተሸመነ ጨርቅ ምንም አትሠራም፤ የሠራችውንም ለአገር ውስጥና ለውጭ አገር ሰው ትሸጣለች። ሴቶቹንና ሸማኔዎቹን ሰብስባ የነገረቻቸው ነገር ለጆሯቸው አዲስ ነበር። ዋጋውን የምትናገረው ፈታይዋ ናት፤ እሷ አትከራከርም። ግማሹ አስቀድሞ ይከፈላል። የሚያስቸኩል የለም። ደግሞ በእያንዳንዱ ልብስ ጫፍ ላይ የፈታይዋና የሸማኔው ስም ተጽፎ ይሰፋል።

የመጀመሪያው ነጠላ አልቆ ሲታይ ኑርጃን ስሙን እንዲያነብላት ለጠልሐ ሰጠችው። ጣት በምታህል ነጭ ጨርቅ ላይ «ፈታይ፦ ኑርጃን፤ ሸማኔ፦ ሷሊህ» ይላል። ጠልሐ አነበበላት። እንደገና አስነበበችው። በሦስተኛው፣ «ሴትዮ፣ ስምሽ እኮ አልተለወጠም!» ብሎ ተቆጣ። ከመታወቂያዋ በቀር ስሟ የተጻፈበት ነገር በሕይወቷ ኖሮ አያውቅም።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት የታዘዘው ሃያ አራት ነጠላ ነበር። አሥራ ሁለቱ በነሐሴ አልቀው ሄዱ። ለቀሩት አሥራ ሁለት ድሩን ራሷ ፈትላ ጨርሳ፣ ለማጉ ጥጡ ተነድፎ፣ ባዘቶው ተዘጋጅቶ ሳለ፣ በመስከረም አጋማሽ ኑርጃን ለላሟ ሣር ልታጭድ ማጭዷን ስትስል ስቷት ቀኝ አውራ ጣቷን ቆረጣት። ጤና ጣቢያ ሄዳ አምስት ቦታ ተሰፋላት። «ስድስት ሳምንት ምንም እንዳትሠሪበት» አሏት። ለፈታይ አውራ ጣት ማለት ለመንገደኛ እግር ማለት ነው። እንዝርቱን የሚያሾረው እሱ ነው።

ወሬው በማግስቱ መንደሩን አዳረሰ። በሦስተኛው ቀን ሰባት ሴቶች እንዝርታቸውን ይዘው ደጇ ቆሙ። የጠራቸው የለም። እስላሟም ክርስቲያኗም አለች፤ ሙስሊማ፣ አስቻለች፣ ብርሀንነሽ፣ ሁሉም ጎረቤቶች ናቸው።

«ምን ልታደርጉ መጣችሁ?» አለቻቸው ኑርጃን፣ እያወቀች።

«ጣትሽን ልናይ ነው» አለች አስቻለች። «አየነው። በይ ባዘቶውን አምጪ!»

እንደዚያ ሆኖ ደቦው ተጀመረ። ኑርጃን በግራ እጇ እያገላበጠች በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ አቀረበችላቸው። ስድስቱ ከእርሻ ሥራቸው በተረፋቸው ሰዓት እየመጡ ግቢዋ ውስጥ ተቀምጠው ፈተሉ። ሰባተኛዋ በዛች ግን የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ቆማ ተጫውታ ድርሻዋን ይዛ ሄደች። «ወገቤ መሬት ላይ አያስቀምጠኝም፤ ቤቴ መደቡ ላይ ሆኜ እፈትለዋለሁ» አለች። በዛች ባሏ የሞተባት ክርስቲያን ናት፤ ከኑርጃን ጋር ሠላሳ ዓመት አጥር ለአጥር ኖረዋል። ማንም ልብ ያላት አልነበረም።

ይህን ሁሉ ለሀይማኖት መንገር ኑርጃንን ትዝም አላላት። በዚያ አገር የደቦ ሥራ የባለቤቱ ሥራ ነው። ገብሱን ሃያ ሰው ቢያጭደውም ገብሱ የእገሌ ነው፤ «አጨድኩ» የሚለውም እገሌ ነው። ጎረቤት ለሷ ብሎ የፈተለው ፈትል የኑርጃን ፈትል አይደለም ቢሏት፣ የሚሏት አይገባትም ነበር።

ኅዳር ላይ ሸህ ሷሊህ አስጠሯት። ሀይማኖት በሁለተኛው ቀን፣ በገበያ ቀን፣ ልትመጣ ነበር። አሥራ ሁለቱን ነጠላ ልትረከብና የከርሞ ፈታዮችን ልትመዘግብ። ሸህ ሷሊህ ሸምነው ጨርሰው፣ ነጠላዎቹን አጥበው፣ ግቢያቸው ውስጥ ገመድ ላይ አስጥተዋቸዋል።

«ነይ እዚህ ቁሚ» አሏት ከሰላምታው በኋላ። «አይ፣ እንደሱ አይደለም። ፀሐዩን ወደ ጎንሽ አድርጊው። አሁን እይ።»

ኑርጃን አየች። ፊት ለፊት ሲያዩት ንጹሕ ነጭ ነው። ከጎን ሲያዩት ግን መዳፍ የሚያህል መስመር ያበራል፣ ቀጥሎ ያለው መዳፍ ይደበዝዛል፣ ደግሞ ያበራል። ነፋስ ግማሹን ያስተኛው የገብስ ማሳ ይመስላል። ከአሥራ ሁለቱ አራቱ እንደዚያ ናቸው።

«ሳይነጣ ቀርቶ ይሆናል።»

«ሁለት ጊዜ አጥቤዋለሁ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ፈታይዋ አንቺ!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ኑርጃን፣ ይኼ ማግ ያንቺ እጅ አይደለም። ሲወፍርና ሲቀጥን ጣቷን አሟት ነው ብዬ ዝም አልኩ። የታመመ ጣት ክር ያወፍራል። አዟዟሩን ግን አይገለብጠውም።»

ከነጠላው ጫፍ አንድ ክር መዝዘው በሁለት ጣታቸው ያዙ። ወደ ቀኝ ሲጠመዝዙት ተፈታ፤ ወደ ግራ ሲጠመዝዙት ከረረ። ከሌላው ነጠላ የመዘዙት ግን ተቃራኒውን ሆነ። «ይኼ በግራ እጅ የተፈተለ ነው። የቀኙና የግራው ማግ ሲቀላቀል፣ ሲሸመን አይታይም። ውሃ ሲነካው ነው የሚለየው። ብርሃኑን አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ይጥለዋል።»

ኑርጃን ደቦውን ነገረቻቸው። ሸህ ሷሊህ የሚኖሩት ከተማው ዳር ስለሆነ አልሰሙም ነበር።

«ሀይማኖትስ ታውቃለች?»

«ኧረ እኔ እንጃ... አልነገርኳትም።»

«ስምሽን ነው እኮ የምትሰፋበት።»

«እና? ለኔ አይደለም የፈተሉት?»

ሸህ ሷሊህ ጢማቸውን ዳበሱ። «ለኔማ ያንቺ ነው። እሷ ግን እንዴት እንደምታየው ወላሂ አላውቅም።»

ኑርጃን ያን ጊዜ ነው የፈራችው። ከተማ ያለችው ልጅ «አታለለችኝ» ብላ ስሟን ከመዝገቡ ብትሰርዘው፣ ነገ የሚጠብቃት ያው በእንቅብ የተከመረ፣ ማንም የማይፈልገው ልቃቂት ነው። ውሸታም መባሉ ደግሞ ከዚያ ይብሳል።

ወደ መንደሯ ስትመለስ እቤቷ አልገባችም። ስድስቱ ፊቷ ነው የፈተሉት፤ ሁሉም በቀኝ እጃቸው እንደፈተሉ አይታለች። በቀጥታ በዛች ቤት ገባች፣ «ቤቶች» እንኳን ሳትል። በዛች መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ኑርጃንን ስታይ አንድ ነገር ቀሚሷ ሥር ሸጎጠች።

«ወገብሽ እንዴት ነው?» አለች ኑርጃን።

«ደህና ነው። ማለቴ... ያመኛል።»

«በይ አውጪው።»

«ምኑን?»

«እንዝርቱን። እንቁላል የሰረቀች ነው የምትመስዪው።»

በዛች እንዝርቱን አወጣችው። በግራ እጇ ነበር የያዘችው። በዛች ወደ ደጁ እያየች መናገር ጀመረች። አዲስ ሙሽራ ሳለች አማቷ በግራ ስትፈትል አየቻት። አልተቆጣቻትም። ይልቅ ጎረቤት ጠርታ «ኑ የልጄን ሚስት እዩልኝ!» አለች። ያልሳቀ የለም። በዛች በቀኟ ትበላለች፣ በቀኟ ትጨብጣለች፣ በቀኟ ታማትባለች። እንዝርት ብቻ ቀኟን እምቢ አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በር ዘግታ እንጂ ሰው ፊት ፈትላ አታውቅም።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለኔ ትደብቂኛለሽ?»

«ምን ልበልሽ? ባልሽ ቁርአን የሚያስቀራ። ግራ እጅ ደግሞ እናንተ ዘንድ...»

«በግራ ብትበዪ ነው ጠልሐ የሚቆጣሽ። ብትፈትዪማ ምን አገባው!»

በዛች ሳቀች። ኑርጃን ስለ አራቱ ነጠላ ስትነግራት ግን ሳቋ ጠፋ፤ ዓይኗ ሞላ። «አፉ በይኝ፣ እህቴ። ላግዝሽ ብዬ አጠፋሁሽ።»

«አብሽሪ። ያጠፋሽው የለም። የመደባለቅ ነገር ነው።»

«እንግዲህ ስሚኝ» አለች በዛች እንባዋን እየጠረገች። «ስምንቱን ደህናውን ስጫት። አራቱን አይጥ በላው በያት። ማን ያውቃል?»

«ሸህ ሷሊህ ቤት አይጥ?»

«አይጥ የት ነው የሌለው! አዲስ አበባም አለ፤ ታምንሻለች።»

ኑርጃን ወደ ቤቷ ሄደች። ሁለት ቀን ሙሉ አይጧ ከአእምሮዋ አልወጣችም። ቀላል ነገር ነበር። ማንንም አይጎዳም። በዛችም አትነሳም፣ ደቦውም አይነሳም፣ ስሟም እንደተሰፋ ይኖራል። ጠልሐ «ምን ሆነሻል?» ሲላት «ጣቴ ነው» አለችው።

በገበያው ቀን ሀይማኖት ሸህ ሷሊህ ቤት ስትደርስ ኑርጃን ቀድማ ተቀምጣ ነበር። ሀይማኖት የመንገዱን አቧራ ከጫማዋ አራግፋ ገባች፣ ሁለቱንም አቅፋ ሳመች፣ ከቦርሳዋ በላስቲክ የታሰሩ ነጫጭ የስም ጨርቆች አውጥታ ጎኗ አስቀመጠች። ከዚያ ስምንቱን ነጠላ አንድ በአንድ እየዘረጋች፣ ወደ ብርሃን እያነሳች አየች።

«እንዴት ያምራል! እትዬ ኑርጃን፣ እጅዎን ይባርከው።» ቆጠረች። «የቀሩት አራቱስ?»

አይጧ ኑርጃን ምላስ ላይ ነበረች። ሸህ ሷሊህ መሬት መሬት ያያሉ። የስም ጨርቁ ክምር ላይ፣ ከላይ ያለው፣ የመጀመሪያው ፊደል የራሷ ነው፤ እሱን ለይታ ታውቀዋለች።

«አራቱ ተበላሽተዋል» አለች። «ደግሞ... የአሥራ ሁለቱንም ማግ እኔ አልፈተልኩትም።»

ሀይማኖት የያዘችውን ነጠላ ቀስ ብላ አወረደችው። «ማን ፈተለው?»

«ጎረቤቶቼ። ጣቴን ማጭድ ቆርጦኝ» አለችና ጠባሳውን አሳየቻት።

«ለምን አልደወሉልኝም?»

«ምን ብዬ ልደውል፣ ልጄ? ጎረቤት ደረሰልኝ ብዬ?»

ሀይማኖት ተነስታ ቆመች። «እትዬ ኑርጃን፣ ይኼ ስም ለጌጥ አይደለም። እኔ ይኼን ሥራ ስጀምር ያየሁትን ላውራልዎ። ሃያ ሴት ስትፈትል ትከርምና አንድ ሰው ሰብስቦ በራሱ ስም ይሸጠዋል። ሴቶቹን የሚያውቃቸው የለም። ገዢ ሲጠይቀኝ ‹የለም፣ ይኼን የፈተለችው ይህች ሴት ናት፤ ስሟ ይኸው› የምለው ለዚያ ነው። አሁን ምን ልበል?»

ሸህ ሷሊህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ይህችን ቤት ማን ሠራት ብትዪኝ እኔ ነኝ ነው የምልሽ። ጭቃውን የተሸከመው ግን የመንደር ሰው ነው። ጣሪያው ላይ የወጣው ሌላ፤ እኔማ ከፍታ እፈራለሁ። እንዲያም ሆኖ ቤቷ የሷሊህ ናት። ዋሽቻለሁ?»

ሀይማኖት ሳትወድ ፈገግ አለች። «አልዋሹም። ግን እኔ ቤት አይደለም የምሸጠው።»

ኑርጃን አልሳቀችም። ሀይማኖት የተናገረችው ነገር ውስጧ ገብቶ ቀርቷል። ሃያ ሴት ስትፈትል ከርማ አንድ ሰው በራሱ ስም። እሷ ደቦ ነው ያለችው፤ እውነትም ደቦ ነው። ነጠላው መንደሩ ውስጥ ቢቀር ኖሮ የፈተለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ስም መስፋትም አያስፈልግም። ነጠላው ግን ከዚህ ርቆ ይሄዳል። እዚያ የሚያነቡት የተሰፋውን ብቻ ነው። አስቻለችም፣ በዛችም እዚያ የሉም።

«ጻፊ» አለች።

«ምን?»

«ስማቸውን። ሰባት ናቸው።»

ሀይማኖት ቁጭ ብላ ማስታወሻዋን አወጣች። ኑርጃን በጣቷ እየቆጠረች ጠራች፤ አስቻለች፣ ሙስሊማ፣ ብርሀንነሽ፣ ሌሎቹም። በዛችን ሰባተኛ አድርጋ ጠራቻት። ሀይማኖት የተበላሹትን አራቱን ለማየት ጠየቀች። ከጎን አየቻቸው። «የማን ፈትል ነው እንዲህ ያደረገው?»

«የማንም አይደለም» አለች ኑርጃን። «የቀኝና የግራ እጅ ማግ ተደባልቆ ነው። ሳንለይ የደባለቅነው እኛ ነን።»

ሸህ ሷሊህ ቀበል አደረጉ። «የግራውን ለብቻው ብትሰጡኝ ሙሉውን ማግ በሱ እሸምነዋለሁ። መደባለቁ ነው እንጂ ፈትሉማ እንከን የለውም፤ ከስምንቱ ደህኖች አንዱ ማጉ ሁሉ የግራው ሆኖ ይኸው ምንም አልሆነ። እንዲያውም ጠንካራ እጅ ነው።»

«እነዚህን አራቱን ግን መሸጥ አልችልም» አለች ሀይማኖት። «አዝናለሁ።»

«እናውቃለን።»

«ስምንቱ ላይ የስምንታችሁም ስም ይሰፋል። ጨርቁን ሰፋ አድርጌ አሠራዋለሁ። ክፍያውም ለስምንት ነው።»

«ደቦ በብር አይመለስም፣ ልጄ። ቢያማቸው ሄጄ እፈትልላቸዋለሁ።»

«እሱ በእናንተ መካከል ነው። የኔን እኔ ልክፈል።»

ኑርጃን ራሷን ነቀነቀች። የቀረው አንድ ጥያቄ ነበር፤ እሱን ለመጠየቅ አፏ ደረቀ። «እኔስ? ከከርሞው መዝገብ ልታወጪኝ ነው?»

ሀይማኖት ቀና ብላ አየቻት። «የመጀመሪያው መስመር ላይ ነዎት። ለምን አወጣዎታለሁ?» አለችና ማስታወሻዋን ዘጋች። «ሌላ ጊዜ ግን ማጭድ ሲቆርጥዎት ይደውሉልኝ። ጎረቤት ብቻ ለምን ይደርስልዎታል? እኔም ልድረስ እንጂ።»

ኑርጃን ውሃ ለመነች። ሸህ ሷሊህ ትልቁን ጣሳ ሞልተው ሰጧት። ሳታቋርጥ ጠጥታ ጨረሰችው።

«ፈርተሽ ነበር እንዴ?» አሏት።

«ምን አስፈራኝ!»

«ጣሳው የሦስት ሰው ነው።»

ሀይማኖት ሳቀች፣ ሸህ ሷሊህም ሳቁ፣ ኑርጃንም መጨረሻ ላይ ሳቀች። አራቱን ነጠላ አጣጥፋ ለራሷ ያዘች። ብክነቱ ያንገበግባል፤ ያን ያህል ጥጥ፣ ያን ያህል ቀን። ግን ሸክሙ ይህ ብቻ ከሆነ የሚከብድ አልነበረም። ከከተማው ስትወጣ ከፊቷ የነበሩትን የገበያ ሰዎች ሁሉ ቀድማ ሄደች፤ እግሯ ሁለት ቀን የታሰረ ያህል ነበር የተፈታው።

መንደሩ መግቢያ ላይ በዛች ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃታለች። ከሩቅ አይታት ተነሳች፣ መልሳ ተቀመጠች፣ ደግሞ ተነሳች።

«አይጡን አመነችሽ?»

«አይጥ የሚባል አልተነሳም። ነገርኳት።»

በዛች አፏን በእጇ ያዘች። «ስሜንም?»

«ስምሽንም። ጻፈችው። ነጠላው ላይ ልትሰፋው ነው።»

«ምን ብላ?»

«በዛች ብላ ነዋ! ሌላ ስም አለሽ እንዴ?»

«ግራኝ አላለችም?»

«አላለችም። ሸህ ሷሊህ ደግሞ ጠንካራ እጅ ነው አሉ። ለብቻው ይሸምኑታል። ከርሞ ትፈልጊ እንደሆን ስምሽን ታስመዘግቢያለሽ።»

በዛች የኑርጃንን ሸክም ከእጇ ተቀብላ ድንጋዩ ላይ ጎኗ አስቀመጠችና ቦታ ለቀቀችላት።

«ቁጭ በይ» አለች። «ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ልጅቷ ስትገባ ምን ለብሳ ነበር?»

ኑርጃን ቁጭ አለችና ከመጀመሪያው ጀመረች።